ብርድን በገንዘብ ስለ መግዛት፦ ለቤተሰብ ኃላፊዎች የቀረበ መመሪያ

ብርድ ድሮ በነጻ ይገኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ወይም ደባርቅ ያደገ ሰው ማለዳ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ በር ሲከፍት፣ ለዚህ ነገር አንድ ቀን ቲኬት ቆርጬ፣ ሆቴል ይዤ፣ ልጆቼን አሰልፌ እሄዳለሁ ብሎ አላሰበም። ዛሬ ግን ሄልሲንኪ፣ ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት የከተመ የአበሻ ቤተሰብ ከጥቅምት ጀምሮ ብርዱን ሲራገም ከርሞ፣ የፈረንጆቹ ገና ሲደርስ የባሰ ብርድ ፍለጋ ወደ ሰሜን ይነሣል። መድረሻው ብዙውን ጊዜ ሮቫኒየሚ ነው፤ የፊንላንድ ላፕላንድ ዋና ከተማ፣ የገና አባት አድራሻዬ ብሎ የያዛት።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለቤተሰብ ኃላፊዎች ነው። የቤተሰብ ኃላፊ የሚባለው ሒሳቡ ከካርዱ የሚቆረጥበት ሰው ነው። ከሁሉ አስቀድመው አንድ መርህ ይያዙ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይመነጫል። የሽርሽር ዓላማ መደሰት አይደለም፤ መደሰትን ማስመስከር ነው። ምስክሮቹ የታወቁ ናቸው። በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቁዎታል፤ አዲስ አበባ ያሉት አክስትዎ፣ ዱባይ ያለችው እህትዎ፣ ባለፈው ዓመት ልጆቹን ኦርላንዶ ወስዶ የፎቶ ናዳ የለቀቀብዎ የሜሪላንዱ ወንድምዎ። እርስዎ ወደ ሰሜን የሚሄዱት ለእሱ መልስ ይዘው ለመመለስ ነው። ይህን አጥብቀው ከያዙ ብዙ አይሳሳቱም።

ስለ ጊዜ

ጉዞው በፈረንጆቹ ገና ሳምንት ይሁን። ዋጋው ያኔ ጣሪያ ይነካል፤ ውድ ነገር ደግሞ ሲያወሩት ያምራል። ሰዉም ያኔ ይበዛል፤ ሰው ያልተጋፋበት ነገር ደግሞ ምኑን ነገር ሆነ! ቀኑ አጭር ነው። በዲሴምበር መጨረሻ በሮቫኒየሚ ፀሐይ አድማሱን ታክካ ብቅ ትልና ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይታ ትመለሳለች። ሰሜን ጫፍ ወደምትገኘው ኡትስዮኪ ከዘለቁማ፣ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ድረስ ጭራሽ አትወጣም። ድቅድቅ ጨለማ ነው ማለት ግን አይደለም፤ እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ሰማያዊና ሐምራዊ ይሆናል፣ በረዶውም ያንኑ ቀለም ይቀበላል።

ፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይም ማርች ይሻላል የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙዎታል። ቀኑ ይረዝማል፣ በረዶው ይወፍራል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ የገናው ግርግር የለም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በማርች የተላከ የበረዶ ፎቶ ማን ያያል? ያኔ ግሩፑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዐቢይ ጾም ላይ ነው፤ የሚላላከው ስብከት ነው።

ከሄልሲንኪ የሚነሡ ከሆነ የሌሊት ባቡር አለ። ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን መንገድ ተኝተው ያድራሉ፤ መኪናዎንም ከፈለጉ ባቡሩ ይጭነዋል። ልጆቹ በላይኛው አልጋ ይጣሉና ሲያወርዱና ሲያወጡ ያነጋሉ። መስኮቱ ላይ ተለጥፈው ጫካውን እያዩ የሚጠይቁት ጥያቄ ብዙ ነው። ፎቶ ለማንሣት መብራቱ ስለማይበቃ ይህን ክፍል ከሽርሽሩ ውስጥ አይቁጠሩት።

እናትዎ በሦስት ወር ቪዛ መጥተው አብረው ከሄዱ የሰዓት ጉዳይ ይነሣል። እሳቸው ቀንን የሚቆጥሩት ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት የሚሆነው ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሞላት ነው። ኡትስዮኪ ላይ ፀሐይ ለሰባት ሳምንት ካልወጣች አንድ ሰዓት ከየት ይመጣል? እናትዎ ነገሩን ሲያብላሉት ቆይተው «ታዲያ እስካሁን ትናንት ነው እንዴ?» ብለው ቢጠይቁ ዝም ይበሉ። መልስ የለውም።

ስለ ልብስ

በዚህ ምዕራፍ ቀልድ የለም። በፊንላንድ ከተመዘገበው ሁሉ የበረታው ብርድ ከዜሮ በታች 51.5 ዲግሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1999፣ ኪቲላ ውስጥ ፖካ በምትባል መንደር። እርስዎ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቅዎ ከዚህ የሚሻል ነው፤ ከዜሮ በታች 10 ወይም 20። ከዜሮ በታች 20 ላይ የአፍንጫ ፀጉር ይደርቃል፣ ሽፋሽፍት ላይ ውርጭ ይጋገራል፣ ስልክም ግማሽ ባትሪ እያለው ድርግም ይላል። ከሦስቱ የሚያሰጋው የመጨረሻው ነው። ስለዚህ ስልኩን ደረት ኪስዎ ውስጥ፣ ከገላዎ አስጠግተው ይያዙት፤ ልጆቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ሕጉ ሦስት ድርብ ነው፤ ገላን የሚነካው ስስ ሱፍ፣ መካከለኛው ወፈር ያለ ሙቀት ያዥ፣ ላይኛው ነፋስ የማያሳልፍ። ጥጥ ገላ አይንካ፤ ላብ ይጠጣና አይለቅም፣ ቆመው ፎቶ ሲነሡ ያ ላብ ጀርባዎ ላይ ይቀዘቅዛል። ጫማው አንድ ቁጥር ይስፋ፤ ጣት የማያላውስ ጫማ ውስጥ ካልሲ መደራረብ ብርዱን ይጋብዛል። ጓንቱም አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚያሳድረው ይሁን። ይህን ሁሉ ለእናትዎ አንድ በአንድ ያስረዱ። እሳቸውም በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ ጋቢያቸውን ይደርባሉ። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ያውም አራት እጥፍ ጥጥ። አይከራከሩ። ከሱፉም ከቱታውም በላይ የተደረበ ጋቢ ማንንም አይጎዳም፤ ያ ሁሉ የተከራየ ቱታ በለበሰ ሕዝብ መሃል ቤተሰብዎን በፎቶ ላይ የሚለየውም እሱ ነው።

ቀጥሎ ትንሹን ልጅ ማልበስ ይመጣል። መጀመሪያ የውስጡ ሱፍ፣ ከዚያ ካልሲው ሱሪው ውስጥ ሳይሆን ከሱሪው በላይ፣ ከዚያ ሹራቡ፣ ከዚያ ቱታው፣ ከዚያ የአንገት ልብሱ፣ ከዚያ ቆቡ፣ ከዚያ በክር የተያያዘው ጓንት። ሲጨርሱ ልጁ እጆቹ ከጎኑ ርቀው ቆመዋል፤ አንገቱን ማዞር ስለማይችል በሙሉ ገላው ይዞራል። እርስዎ አልቦዎታል፤ ሱፍዎ ግን ለዚሁ የተገዛ ነው። ዚፑ አገጩ ጋ ሲደርስ «አባዬ፣ ሽንቴ» ይላል።

«ከመልበስህ በፊት ጠይቄህ አልነበረም?»

«ያኔማ አልመጣም ነበር።»

ከልጅ ጋር የሕግ ክርክር አያዋጣም። ዚፑን ይፍቱ።

ስለ ገና አባት

የገና አባት መንደር ከከተማው 8 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ነው፤ የአርክቲክ ክበብ ያልፍበታል የተባለው መስመርም በዚያው መሬት ላይ ተሥሏል። ቤተሰብዎ አንድ እግሩን ከመስመሩ ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አድርጎ ፎቶ ይነሣ። እውነተኛው ክበብ የሚወሰነው በምድር ዛቢያ መዘንበል ስለሆነ ቦታው አይረጋም፤ በዚህ ዘመን በዓመት ወደ 14 ሜትር ተኩል ገደማ ወደ ሰሜን ይሸሻል። ቀለሙ ግን ያለበት ነው። ይህን ለማንም አይንገሩ። ምድር ለመንቀሳቀሷ የእርስዎ ፎቶ ተጠያቂ አይደለም።

ታሪክ የሚጠይቅ ልጅ ካለዎት ይህን ያህል ይበቃዋል። ሮቫኒየሚ እ.ኤ.አ. በ1944 የጀርመን ጦር ሲያፈገፍግ ተቃጥላ አመድ ሆና ነበር። መልሳ የምትሠራበትን ፕላን ያወጣው አልቫር አልቶ የተባለው ስመ ጥር አርክቴክት መንገዶቿን በአጋዘን ቀንድ ቅርጽ ዘረጋቸው፤ ቀንዱ የሚታየው ግን ከሰማይ ወይም ከካርታ ነው፣ መሬት ላይ ሆኖ የሚፈልገው ሰው መታጠፊያ ይስተዋል። በ1950 የሟቹ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የፍራንክሊን ሩዝቬልት ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ትመጣለች ሲባል፣ በክበቡ ላይ በጥድፊያ አንዲት የግንድ ጎጆ ተሠራችላት። የቱሪስቱ ጎርፍ የተከፈተው በዚያች ጎጆ ነው ማለት ይቻላል። የገና አባት መንደር ደግሞ በ1985 ተከፈተ።

ነገር የሚያውቅ ልጅ እዚህ ላይ ሊያፋጥጥዎ ይችላል። በፊንላንዶች ዘንድ የገና አባት ቤት ሮቫኒየሚ ሳይሆን ሩሲያ ድንበር ላይ ያለው ኮርቫቱንቱሪ የሚባል ተራራ ነው፤ ማርኩስ ራውቲዮ የተባለ የሬዲዮ ሰው በ1927 ያንን ለሕዝብ ካበሰረ ጀምሮ የታወቀ ነው። ለልጁ እንዲህ ይበሉት፦ ቤቱ ተራራው ነው፣ ቢሮው እዚህ ነው። አባቱ ከቤት ወደ ቢሮ ሲመላለስ ያየ ልጅ ይህን ለማመን አይቸገርም።

ገብቶ የገና አባትን ለማየት አይከፈልም። የሚከፈለው ፎቶውን ለመውሰድ ነው፤ በራስ ስልክ ማንሣት አይፈቀድም። እነሆ ይህን መመሪያ ሳያነቡት የተረዱ ሰዎች! ሰልፉ ሲደርስዎ ሽማግሌው ልጅዎን ከየት እንደመጣች ይጠይቃታል። እርስዎ ከኋላ «ኢትዮጵያ» ይላሉ፤ ልጅቱ ከፊት «ቫንታ» ትላለች። ሽማግሌው የሁለታችሁንም ይቀበላል፤ ከሄልሲንኪ አጠገብ የምትገኘውን ቫንታን ከእርስዎ የተሻለ ያውቃታል፣ ስለ ኢትዮጵያም ቡናዋን ያነሣል። ካሜራው የሚያነሣችሁ እርስዎና ልጅዎ በዐይን እየተጠቃቀሳችሁ ሳለ ነው። ፎቶው ግን ስለሚከፈልበት ይውሰዱት።

ሲወጡ ፖስታ ቤቱን አይለፉ። የፖስታ ቁጥሩ 96930 ነው፤ ከዓለም ዙሪያ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ሁለት ሣጥን አለ፤ አንዱ ዛሬውኑ የሚላክበት፣ ሌላው እስከ መጪው ገና የሚቆይበት። አዲስ አበባ ላሉት አክስትዎ ካርድ ከላኩ በትክክለኛው ሣጥን ይክተቱት። በሁለተኛው ከከተቱት የሚቀጥለውን ዓመት ሰላምታ ዛሬ አከናወኑ ማለት ነው፤ ይህም ቁጠባ ነው።

ስለ እንስሳት

አጋዘን የሚስበው የበረዶ ጋሪ ዝግተኛ ነው። ቆዳ ላይ ተቀምጠው፣ ቆዳ ለብሰው፣ በጫካው ውስጥ አንድ ዙር ይዞራሉ፤ የሚሰማው የአጋዘኑ እግር ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ለልጆቹ የአጋዘን መንጃ ፈቃድ የሚሰጡ አሉ፤ የፊንላንድ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሲመላለስ የከረመ አባት በዚህ ቅር ሊለው አይገባም። ዲሴምበር ላይ ትልቅ ቀንድ ይዛ የሚያዩዋት ሴቷ ልትሆን ትችላለች፤ ያልተኮላሸው ወንዱ በመኸሩ መጨረሻ ከፍትወት በኋላ ቀንዱን ይጥላል፣ ሴቷ ግን እስክትወልድ እስከ ፀደይ ይዛው ትከርማለች። የዓይናቸው የኋላ ሽፋንም በበጋ ወርቃማ፣ በክረምቱ ጨለማ ሰማያዊ ይሆናል፤ ብርሃን ባነሰበት ጊዜ የበለጠ እንዲያዩ ይረዳቸዋል።

እዚያ በነጻነት ሲዘዋወር የሚያዩት አጋዘን ሁሉ ባለቤት አለው፤ ጆሮው ላይ የባለቤቱ ምልክት ተቆርጧል። አርቢውን «ስንት አጋዘን አለህ?» ብለው እንዳይጠይቁ። ባንክ ያለውን ገንዘብ መጠየቅ ነው። አርብቶ አደር አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ ምክሩ ከተማ ላደጉት ነው።

ውሾቹ ሌላ ዓለም ናቸው። ሃስኪዎቹ እስኪለቀቁ ድረስ ይጮኻሉ፣ ይዘላሉ፣ ገመዱን ያኝካሉ፤ መናገርም መሰማማትም አይቻልም። ጋሪው እንደተነሣ ግን ሁሉም ጸጥ ይላሉ። ከኋላ ቆመው ፍሬን የሚረግጡት እርስዎ ነዎት፣ የሚቀመጡት ልጆቹና ባለቤትዎ። አንድ ሕግ አለ፦ ምንም ቢሆን ጋሪውን አይልቀቁ፤ እርስዎ ቢወድቁ ውሾቹ ቤተሰብዎን ይዘው መሄዳቸውን አያቆሙም። ሌላው ነገር በማስታወቂያው ላይ የለም፦ ውሾቹ ቆመው አይጸዳዱም፣ እየሮጡ ነው፤ ነፋሱም ወደ ኋላ ነው የሚነፍሰው። እናትዎ በዕድሜያቸው ውሻ እንዲህ ሲሮጥ ያዩት ሌባ ሲያባርር ብቻ ስለሆነ፣ ወርደው ሲያበቁ «ለመሆኑ ማንን ነው የሚያሳድዱት?» ይላሉ።

ስለ ባለ አገሮቹ

ሳሚዎች የሰሜኑ ነባር ሕዝብ ናቸው፤ አገራቸው በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በሩሲያ ድንበር ተከፋፍሏል። በፊንላንድ ፓርላማቸው የሚገኘው ኢናሪ ነው፤ ሲዳ የሚባለው ሙዚየማቸውም እዚያው ነው፤ ከሮቫኒየሚ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ታሪካቸውን ከራሳቸው አፍ መስማት የፈለገ ሰው እዚያ ድረስ ይሄዳል። ይህ ግን አንድ ሙሉ ቀን ይበላል፤ ሙዚየም ደግሞ በግሩፕ ውስጥ ብዙ አውራ ጣት አያስገኝም።

አቋራጩን ይውሰዱ። ሳሚ ያልሆነ ሰው የሳሚን ልብስ፣ ያውም የውሸቱን፣ ለብሶ ቱሪስት የሚቀበልበት ንግድ ለዓመታት ሲያስቆጣቸው ኖሯል፤ የፊንላንዱ የሳሚ ፓርላማም በ2018 ለቱሪዝም የሥነ ምግባር መመሪያ አውጥቷል። እርስዎን ይህ አይመልከትዎ። ጂንካ ደርሶ የመጣ ፈረንጅ የሙርሲ ሴት ከንፈር ላይ ያለውን ሸክላ ፎቶ አሳይቶዎት «አንተም ከዚህ ነህ?» ሲልዎ ስንት ጊዜ ጥርስዎን ነክሰዋል? እነሆ ተራው የእርስዎ ሆነ። የሳሚ ልብስ የለበሰውን አላፊ አግዳሚ ያስቁሙ፣ ልብሱን ይንኩ፣ «እውነተኛ ነህ?» ብለው ይጠይቁ። ይህ ዕድል ለአበሻ በየቀኑ አይገጥመውም።

ስለ ምግብና ስለ ቡና

የፈረንጆቹ ገና ብዙውን ጊዜ የሚውለው ታኅሣሥ 16 ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስኪፈታ ገና ሁለት ሳምንት ያህል ይቀረዋል። የአካባቢው ዝነኛ ምግብ ደግሞ ስስ ስስ ተደርጎ ተቆርጦ የተጠበሰ የአጋዘን ሥጋ ነው፤ ቅቤ ከገባበት የተፈጨ ድንችና ከቀይ የዱር ፍሬ ጋር ይቀርባል። ሁለተኛው ዝነኛ የሳልሞን ሾርባ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በእኛ ዘንድ እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ የፊንላንድ ሾርባ ግን ክሬም አፍስሶበት ጉዳዩን ዘግቶታል። ለጾመኛ የሚቀረው ጥቁር ዳቦ፣ ቅቤ ያልነካው ቅቅል ድንች፣ እንጉዳይና ያው ቀይ ፍሬ ነው።

ብልሃቱ የአጋዘኑን ሥጋ አዝዞ ፎቶ ማንሣትና ዳቦውን መብላት ነው። ብቻ ፎቶውን ከመልቀቅዎ በፊት ያስቡበት። አክስትዎ «ምግቡ ያምራል» አይሉም፤ «ጾም አይደለም እንዴ?» ይላሉ፣ ግሩፑ በሙሉ ያነበዋል፣ ማስረጃዎ በእርስዎ ላይ የመጣ ማስረጃ ይሆናል። ልጆቹ የማይጾሙ ከሆነ ደግሞ የአጋዘን ጋሪውና የአጋዘን ምሳው በአንድ ቀን አይዋሉ። ጠዋት አንገቱን ያሻሸችውን ከሰዓት በሳህን ያገኘች ልጅ ለወራት የምትጠይቀው ጥያቄ አላት።

ፊንላንዶች በነፍስ ወከፍ ቡና በመጠጣት ከዓለም ቀዳሚዎቹ ናቸው። የሚጠጡት ግን ተቆልቶ ገና ሳይጠቁር የወረደ፣ በወረቀት የተጣራ ቡና ነው፤ ለእናትዎ ይህ ቡና ሳይሆን የቡና ዜና ነው። ስለዚህ ጀበናቸውን ይዘው መጥተዋል። በተከራዩት ጎጆ ውስጥ ምድጃው ላይ ቡናው ሲቆላ፣ ጭሱ ሊያሸትቱት ሲዞር፣ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል። እርስዎ ወንበር ላይ ወጥተው በሹራብ ሲያራግቡ፣ ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ሲስቁ፣ የጎረቤት ጎጆ ሰዎች ምን ነደደ ብለው በካልሲ ይመጣሉ። እናትዎ ቁጭ በሉ ይሏቸዋል። አቦሉ ወርዶ ቶናው ሲደርስ ሰውየው ስለ ሟች አባቱ እያወራ ነው፣ ሚስቱ ልጆቹን ካርታ ታጫውታለች፣ ውጭ ከዜሮ በታች 18 ነው። ይህ ሁሉ ከፕሮግራም ውጭ የሆነ፣ ያልተከፈለበትና ፎቶ ያልተነሣ ስለሆነ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ስለ ሳውና

አምስት ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ባላት አገር ሦስት ሚሊዮን ያህል ሳውና አለ፤ ዩኔስኮም የፊንላንድን የሳውና ባህል እ.ኤ.አ. በ2020 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ራቁትዎን ወይም በፎጣ ገብተው ይቀመጣሉ፤ ሙቀቱ 80 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ ይረጫል፤ እንፋሎቱ ጆሮ ይዞ ይነሣል። ከዚያ ወጥቶ በረዶ ላይ የሚንከባለል፣ በረዶው ተቦርቡሮ በተከፈተ የሐይቅ ውኃ ውስጥ የሚነከርም አለ።

ችግሩ ምች ነው። ላብ ያጠመቀው ሰው ወደ ብርድ ወጥቶ ሲንከባለል ያዩ ኢትዮጵያዊት እናት ከሕክምና መጽሐፍ የሚበልጥ እውቀት ስላላቸው «ዳማከሴ በሌለበት አገር?» ብለው ይጮኻሉ። ፊንላንዶች እንዴት በምች እንዳላለቁ ለማስረዳት አይሞክሩ። ይልቅ እናትዎ ወይባ ገብተው የሚያውቁ ከሆነ ይጋብዟቸው። ታችኛው መቀመጫ ላይ ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ጭሱ ነው እንጂ የቀረው የኛው ነው» ይላሉ፤ የጉልበታቸውን ሕመም ሳይጠቅሱ ያመሻሉ። በረዶው ላይ የሚንከባለሉት እርስዎ ብቻ ይሆናሉ። ስልኩን የሚይዝልዎ ሰው አስቀድመው ያዘጋጁ፤ ሁለት ጊዜ አይደረግም።

ስለ ሰማይ

የሰሜን ብርሃን የሚፈጠረው ከፀሐይ የሚነሡ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች በምድር መግነጢስ ተስበው ወደ ዋልታዎቹ ሲወርዱና ከአየሩ ጋር ሲጋጩ ነው። ከመሬት 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ያለው ኦክስጅን አረንጓዴውን ይሰጣል፣ ከዚያም ከፍ ያለው ቀዩን። ለማየት ጨለማና የጠራ ሰማይ ያስፈልጋል። ጨለማው ዲሴምበር ላይ ሞልቷል፤ ሰማዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደመና ነው፤ ብርሃኑም ከደመናው በላይ በሰላም ይጫወታል።

ሆቴልዎ ብርሃኑ ሲወጣ የሚቀሰቅስ ደወል ካለው ይመዝገቡ። ደወሉ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይጮኻል። ልጆቹን ይቀስቅሱ፤ ስለ ልብስ የተጻፈውን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ይድገሙ። ወጥተው ሲያዩ ሰማዩ ላይ ግራጫ ነጠላ የመሰለ ነገር ተዘርግቷል። ዓይንዎን አይመኑ፤ በጨለማ ቀለም መለየት አይሆንለትም። ካሜራ ብርሃኑን ለብዙ ሰከንድ አጠራቅሞ ስለሚያነሣ አረንጓዴ አድርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ ልጆቹ ሽቅብ ሳይሆን ስክሪኑን ይዩ፤ የበለጠ ያምራል። ወደ ቤት ሲገቡም ካሜራውን በላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው ያስገቡት፤ ቀዝቅዞ የነበረ መስታወት ሙቀት ሲነካው ያልበዋል።

አንዳንድ ሌሊት ግን ብርሃኑ ይበረታል። አረንጓዴው ከአድማስ አድማስ ተወርውሮ ይታጠፋል፣ ይፈጥናል፣ ጫፉ ይቀላል፤ ካሜራም አያስፈልገውም። ለዚህ ሌሊት ልዩ ጥንቃቄ ያድርጉ። እናትዎ «ስምንተኛው ሺህ!» ብለው ያማትቡና ወዲያው የእርስዎን ስልክ ነጥቀው ጋቢያቸው ውስጥ ይከቱታል። «ፈጣሪ ሲናገር ስልክ ይነሣል?» ይላሉ። ስልኩን ለማስመለስ ከእናት ጋር በበረዶ ላይ መታገል አይቻልም። ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ አንገቱን አቅንቶ፣ እግሩ እስኪደነዝዝ ድረስ ምንም ሳያነሣ ያየዋል። ከጉዞው ሁሉ ከባዱ ኪሳራ ይህ ነው።

ስለ መመለስ

ባቡሩ ላይ ሆነው ፎቶዎቹን ይምረጡ። የሚያለቅሰው ልጅ ያለበት ይውጣ፣ ጋቢው የሚታይበት ይቅደም፣ የመስመሩ ፎቶ መካከል ይግባ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ይልቀቁት። መልሱ ብዙ አይቆይም። የሜሪላንዱ ወንድምዎ አንዲት አውራ ጣት ይልካል። ዱባይ ያለችው እህትዎ «ስንት ወጣበት?» ትላለች። አክስትዎ «ልጆቹን ብርድ እንዳይመታቸው» ብለው ይጽፋሉ። ፍርዱ ይኸው ነው፤ ይግባኝ የለውም።

የመጨረሻው ምክር ከሁሉ ይጠብቃል። ልጆቹን የወደዱት ምን እንደሆነ አይጠይቁ። የገና አባትን ይላሉ ብለው ይጠብቃሉ። እነሱ ግን የባቡሩን የላይኛ አልጋ፣ ማስጠንቀቂያው የጮኸበትን ማታና ከሱፐርማርኬቱ ፊት ለፊት መኪና ጠርጎ የቆለለውን የበረዶ ክምር ይሉዎታል፤ እርስዎ ገብተው ሒሳብ ሲከፍሉ ሲንሸራተቱበት የነበረውን። ያ ክምር ቫንታ፣ ቤትዎ በር ላይም አለ። በነጻ ነው። የካርዱን ዕዳ እስከ ፋሲካ የሚከፍል ሰው ይህን መስማት አይበጀውም። ይልቅ የመጪውን ዓመት ቦታ አሁኑኑ ይያዙ፤ ዲሴምበር ቶሎ ይሞላል።